የድሮ ቤንዚን ሞተር የቫኪዩምና የኢጂአር ችግር፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ መኪና

ደብረ ብርሃን ላይ በደንብ የሞቀ ጤነኛ ኮሮላ ላይ የቫኪዩም ጌጅ ቢሰኩ፣ መርፌው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) 10 ወይም 11 አካባቢ ይቆማል። የጥገና መጽሐፉን ሲገልጡ ግን ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት ይላል። በዚህች ልዩነት ብቻ ስንት ደህና ሞተር ተፈታ፣ ስንት ታይሚንግ (ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ) ተነካካ፣ ስንት ካርቡሬተር ያለ ጥፋቱ ተቀየረ። ጌጁ አልተሳሳተም፣ መጽሐፉም አልዋሸም። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ለሚሠራ ሞተር ነው፤ መኪናው ያለው ደግሞ ሰሜን ሸዋ ነው።

ስለዚህ ቱቦ ከመንቀልና ቫልቭ ከመግዛት በፊት ከፍታው በሒሳብ ይግባ። የቀረው ሥራ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ከፍታውን መቀነስ

የቫኪዩም ጌጅ የሚለካው በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ ባለው አየርና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የውጭው አየር ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ልዩነቱ ይጠባል። ስሌቱ አጭር ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከመጽሐፉ ቁጥር ላይ 1 ኢንች ይቀነሳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 4 ተቀንሶ ከ13 እስከ 17 ጤነኛ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 9 ይቀነስና ከ8 እስከ 12 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ሌላ 1 ኢንች ይወርዳል።

ከዚህ የሚከተሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከጥገና በፊትና በኋላ የሚደረገው ልኬት በአንድ ቦታ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን 10 ያነበበ መኪና ሸዋ ሮቢት 15 ቢያነብ ቁልቁለቱ እንጂ መካኒኩ አላስተካከለውም።

ሁለተኛ፣ እስከ 25 ኢንች ይስባል የተባለ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ደብረ ብርሃን ላይ ከ21 አያልፍም። ፓምፑ አልተበላሸም፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ራሱ ይኸው ነው። ዲያፍራም (ቫኪዩም ሲስበው ቫልቭ የሚያንቀሳቅስ የጎማ ሽፋን) የሚከፈትበት ቁጥር ግን አይቀየርም፤ ዲያፍራሙም እንደ ጌጁ የሚሠራው በግፊት ልዩነት ነውና። መጽሐፉ «በ5 ኢንች መከፈት ይጀምራል» ካለ፣ ጣርማ በር ላይም በ5 ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው በካርቡሬተር የሚሠሩትን ይመለከታል። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ደጋ ላይ ነዳጁ ይበዛበታል። ትንሽ ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ቢስብ፣ የሚገባው ትርፍ አየር የበዛውን ነዳጅ ስለሚያመጣጥነው ሞተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ደህና ይመስላል። ቁልቁለቱን ወርዶ አርማንያንና ሸዋ ሮቢትን ሲይዝ አየሩ ይወፍራል፣ የማኒፎልዱ ቫኪዩም ይጨምራል፣ በስንጥቁ የሚገባውም አየር አብሮ ይጨምራል። ያኔ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። «ቆላ ሲወርድ ሙቀቱ አስቸገረው» የሚባለው መኪና ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ቱቦ ያለበት ነው። ደጋ ላይ የሚክስቸር (የነዳጅ ድብልቅ ማስተካከያ) ብሎኑ ጠበብ ተደርጎ የተስተካከለ መኪናም ቆላ ላይ ይህንኑ ጠባይ ስለሚያሳይ፣ ብሎኑ መቼና የት እንደተነካ ባለቤቱን መጠየቅ ነው።

መያዝ ያለባቸው ዕቃዎች

ከ0 እስከ 30 የሚያነብ ቫኪዩም ጌጅ፣ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ከነጌጁ፣ መልቲሜትር፣ አንድ ሜትር ያህል የጎማ ቱቦ (ለጆሮ)፣ ውኃ መርጫ፣ ጥርሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ፒንሳ፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ፣ ነጭ ፕላስተርና እስክርቢቶ፣ የ10፣ የ12 እና የ14 ቁልፎች። ለመዝጊያ የእስክርቢቶ ክዳን ወይም ልኩ የሆነ ብሎን ይበቃል። የተቃጠለ ካርቦን ከቀዳዳ ለማውጣት የብስክሌት ፍሬን ሽቦን የሚያህል የለም፤ ጫፉን በታትነው በእጅ ያሽከረክሩታል።

ቱቦ ሲገዙ አሮጌውን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ። ባለካርቡሬተር ኮሮላ ላይ ትንንሾቹን በሙሉ ለመቀየር 4 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ከ3 እስከ 5 ሜትር ያህል ይፈጃል፤ ወፍራሞቹ የፒሲቪ (አምልጦ የወረደ ጋዝን ወደ ማኒፎልድ የሚመልስ ቫልቭ) እና የፍሬን ሰርቮ ቱቦዎች ለብቻ ይለካሉ። ዘይትና ሙቀት የሚችል የጎማ ቱቦ ይሁን። የግሉኮስ ላስቲክ ለቫኪዩም አይሆንም። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቫኪዩም ሲስበው ግድግዳው ይጣበቃል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። በዚህ ምክንያት የተሰወረ ችግር ለማግኘት ከባድ ነው።

መኪናው በእጅ ፍሬን ተይዞ ጎማው ድንጋይ ይደገፍ፤ ሞተሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይሥራ። ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል፤ ማራገቢያና ቺንጋ በሚዞርበት ቦታ ግን ጋቢም ሻርፕም ይውለቅ።

ከመንካት በፊት ምልክቱን ማንበብ

ጥሩ መካኒክ ግማሹን ሥራ የሚጨርሰው ኮፈኑን ሳይከፍት ነው። ጥያቄው «ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ነው የሚሆነው?» ነው።

በቀዝቃዛው ደህና የሆነና ሲሞቅ ሚኒሞው የሚበላሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢጂአር ቫልቭ (የተቃጠለ ጋዝ ጥቂቱን ወደ ማኒፎልዱ የሚመልሰው) ነው፤ ምክንያቱም መቆጣጠሪያው ቫኪዩም የሚለቅለት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። በተቃራኒው ጠዋት በውርጭ የሚንቀጠቀጥና ሲሞቅ የሚረጋ ከሆነ የማኒፎልድ ወይም የካርቡሬተር መቀመጫ ጓርኒሲዮን፣ አልያም የደረቀ ጎማ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ይዘጋዋል። በሚኒሞ ብቻ እየተቸገረ በመንገድ ላይ ደህና የሚሄድ መኪና አየር ይስባል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ትጎላለች፤ ነዳጅ ሲረገጥ ያችው ቀዳዳ ከምንም አትቆጠርም።

ግማሽ ነዳጅ ተረግጦ ለጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ሞተሩ «ክልል ክልል» የሚል ከሆነ ኢጂአሩ አልከፈት ብሏል ማለት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ ሲንኳኳ ግን ጥፋቱን ኢጂአር ላይ አያላክኩ። ሙሉ ሲረገጥ የማኒፎልዱ ቫኪዩም ስለሚጠፋ ጤነኛ ኢጂአርም ይዘጋል። ያኔ የሚታየው ታይሚንግ፣ የካንዴላው ዓይነትና የነዳጁ ጥራት ነው።

የሞተር ዘይት ከማኅተሞች የሚያላብ፣ ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ ዘይት የሚገኝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተዘጋ ፒሲቪ ነው። ሞተር ተነስቶ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ባለኢንጀክሽን ከሆነ ደግሞ ወደ ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት ለኮምፒውተሩ ወደሚነግረው) የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ይመልከቱ። ያች ቱቦ ከተሰነጠቀች ወይም ከወለቀች ኮምፒውተሩ «ነዳጅ ሙሉ ተረግጧል» ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን ያፈሳል። አንድ ቱቦ መቀየር ሲበቃ ኢንጀክተር ያስቀየረ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ የካርቡሬተርና የኢንጀክሽን ልዩነት መታወቅ አለበት። በካርቡሬተር ላይ የሚሳብ አየር ድብልቁን ያከሳዋል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ማፕ ሴንሰር ባላቸው እንደ 4ኤ-ኤፍኢ እና 4ኢ-ኤፍኢ ባሉ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ግን ሴንሰሩ የገባውን አየር ስለሚያየው ቤንዚኑን ይጨምርለታል። ውጤቱ መንቀጥቀጥ ሳይሆን ከፍ ብሎ አልወርድ የሚል ሚኒሞ ነው።

ጌጁን መሰካትና መርፌውን ማንበብ

ሞተሩ ይሙቅ፤ ቾኩ ሙሉ ለሙሉ ይከፈት እንጂ ጠዋት ተነሥቶ ወዲያው መለካት ዋጋ የለውም። ጌጁ ከማኒፎልዱ በቀጥታ ከሚወጣ ቀዳዳ ላይ ይሰካ። ከካርቡሬተሩ ቢራቢሮ በላይ የሚወጣ ቀዳዳ ላይ ከተሰካ በሚኒሞ 0 ያሳያል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የተሠራበት ሁኔታ ነው። ሚኒሞውን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ያስተካክሉ፤ አብዛኞቹ በ700 እና በ900 ዙር መካከል ናቸው።

መርፌው ከፍታው በሚፈቅደው ልክ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሞተሩ በዚህ በኩል ደህና ነው። ከልኩ 2 ወይም 3 ዝቅ ብሎ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ፣ የዘገየ ታይሚንግ ወይም አየር የሚስብ ቦታ አለ። በእኩል ርቀት እየጠበቀ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ መርፌ አንድ ሲሊንደር ይከዳል ይላል፤ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የማይተኩስ ካንዴላ። በሚኒሞ እየተርገበገበ ዙር ሲጨመርለት የሚረጋ ከሆነ የቫልቭ ጋይድ አልቋል፤ በተቃራኒው ከዙሩ ጋር መርገብገቡ ከጨመረ የቫልቭ ስፕሪንጎች ደክመዋል። ቀስ እያለ ወዲህና ወዲያ የሚዋልል ካርቡሬተር ይፈልጋል። ዙሩን 2,500 ላይ ይዘው ሲቆዩ መርፌው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ማርሚታው ተደፍኗል፤ ያኔ ቱቦ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

በመጨረሻም ነዳጁን በድንገት ረግጠው ይልቀቁ። መርፌው ወደ 0 ወድቆ፣ ሲለቀቅ ከሚኒሞው ልክ በላይ ዘሎ መመለስ አለበት። ካልዘለለ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ዝላዩ ደጋ ላይ ያንሳል፤ አለመዝለል ግን በየትኛውም ከፍታ አንድ ትርጉም ነው ያለው።

አየር የሚስብበትን ቦታ ማግኘት

1. ቱቦ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። ከዚያ እያንዳንዱን ቱቦና የተሰካበትን ቀዳዳ በአንድ ቁጥር በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ባለካርቡሬተር 2ኢ ሞተር ላይ ያለው የቱቦ ብዛት ማንንም ያምታታል፤ ተሳስቶ የተሰካ ቱቦ ከተሰነጠቀው የባሰ ያደክማል።

2. ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉንም ጫፍ በጣት እያጠፉ ይዩ። የደጋ ውርጭና የቆላ ሙቀት እየተፈራረቀበት ጎማው መጀመሪያ የሚደርቀው ጫፉ ላይ ነው። ርዝመቱ ከተረፈ 1 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ መልሶ መሰካት አዲስ ቱቦ ከመግዛት እኩል ይሠራል።

3. ሞተሩን አስነሥተው የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሮዎ ላይ አድርገው በሌላው ጫፍ በየመገጣጠሚያው ይሂዱ። የ«ስስስ» ድምፅ ቦታውን ይነግራል።

4. ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳው ከማኒፎልዱ አጠገብ ጨምቀው ጌጁን ይመልከቱ። አንዱን ሲጨምቁ መርፌው ወደ ልኩ ከወጣና ሚኒሞው ከተቀየረ፣ ችግሩ ከዚያ ቱቦ ወዲያ ነው፤ ቱቦው ራሱ ወይም የሚያገለግለው ዕቃ። ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይቆጥባል። የፒሲቪ ቱቦ ሲጨመቅ ዙሩ ጥቂት መውረዱ ግን ትክክለኛ ነው።

5. ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ የማኒፎልዱንና የካርቡሬተሩን መቀመጫ ዙሪያ በጥቂቱ ውኃ ይርጩ። ውኃው ስንጥቁን ለቅጽበት ስለሚደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ውኃው የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን አይንካ።

ቤንዚን እየረጩ መፈለግ በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው። አያድርጉት። ከማርሚታው ማኒፎልድና ከአንዲት ልል ካንዴላ ገመድ ጋር ሲገናኝ መኪናውንም ሰውንም ያቃጥላል። ውኃ ይህንኑ ሥራ ያለ አደጋ ይሠራል።

የማኒፎልድ ብሎን ማጥበቅ ካስፈለገ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር ያጥብቁ። የካርቡሬተሩ መቀመጫ ከተጣመመ ማጥበቅ ያብሰዋል፤ አውርዶ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ነው።

የዲስትሪቢዩተሩ ቫኪዩም አድቫንስ ዲያፍራምም አንዱ አየር መሳቢያ ነው። በእጅ ፓምፕ 10 ኢንች ይስጡት፤ ሳይወርድ መያዝና ውስጡ ያለውን ሳህን ማዞር አለበት። ታይሚንግ ሲስተካከል ይህ ቱቦ ተነቅሎ ይደፈናል፣ ከዚያም ተረስቶ ይቀራል። ከጋራዥ የወጣ መኪና ጉልበት አጣ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው።

ፒሲቪ ቫልቭ

ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ይረሳል። በፒስተኖቹ ዙሪያ አምልጦ የወረደውን ጋዝ ከዘይት ክፍሉ ስቦ ወደ ማኒፎልድ ይመልሳል።

ነቅለው ያንቀጭሉት፤ ካልተንቀጫቀጨ ተጣብቋል። ንጹሕ ቱቦ ሰክተው ከሲሊንደር ራስ በኩል ሲነፉት በቀላሉ፣ ከማኒፎልድ በኩል ሲነፉት በችግር ማሳለፍ አለበት። በአፍ ወደ ውስጥ አይሳቡት፤ ውስጡ ያለው ዝቃጭ መርዛማ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍተው ስስ ወረቀት ያስቀምጡበት፤ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ሊሳብ ይገባል። ሽቅብ ከተገፋ ወይ ፒሲቪው ተዘግቷል ወይ ቀለበቶቹ አልቀዋል። አዲስ ፒሲቪ አድርገው አሁንም ከገፋ ሁለተኛው ነው።

ቫልቩን ሲቀይሩ የተሰካበትን የጎማ ማኅተም አብረው ይቀይሩ። እንደ ድንጋይ የደረቀ ጎማ ላይ የገባ አዲስ ቫልቭ በጎኑ አየር ይስባል።

የፍሬን ሰርቮ

በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚፈልገው ይህ ነው። ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከማኒፎልዱ ቫኪዩም ነው። ጣርማ በር ላይ ያለው ቫኪዩም ከባሕር ጠለሉ በግማሽ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ የሰርቮው የመጨረሻ አቅምም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት የሚጀምረው ደግሞ ልክ ከዚያው ነው። የሚስብ ቱቦ ሲጨመርበት የቀረው ጥቂት ነው።

ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ተለቆ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ ቫኪዩም ይሠራል፤ ሰርቮውም ይሞላል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ የወረደ ይህን ያጣል። ሞተር አጥፍቶ የወረደ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ሰርቮ የለውም፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን 5 ወይም 6 ጊዜ ይርገጡ። ከዚያ ረግጠው ይዘው ሞተሩን ያስነሡ፤ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ሰርቮው ቫኪዩም አላገኘም። ቀጥሎ ሞተሩን 2 ደቂቃ አሠርተው ያጥፉ፣ ቀስ እያሉ ይርገጡ፤ የመጀመሪያው ጥልቅ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያጠረ ከሄደ ቫኪዩሙን ይይዛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከደነደነ በቱቦው ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ወይም ዲያፍራሙ ሄዷል። ቫልቩን አውጥተው ይንፉበት፤ ከሰርቮ ወደ ሞተር ያሳልፋል፣ ከሞተር ወደ ሰርቮ ፈጽሞ አያሳልፍም።

ዲያፍራሙ የተቀደደ ሰርቮ ሚኒሞውንም ያበላሻል። አንዳንዱ ሚኒሞው እንዲረጋ ብሎ የሰርቮውን ቱቦ ደፍኖ ይነዳል። ሞተሩ በእርግጥ ይረጋል። እንዲህ ያለ መኪና ግን ከደብረ ብርሃን መውጣት የለበትም።

ኢጂአር ቫልቭ

የተቃጠለ ጋዝ ጥቂቱን ወደ ማኒፎልዱ መልሶ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል። ሙቀቱ ሲወርድ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጭስ ይቀንሳል፤ ሞተሩም በመካከለኛ ነዳጅ ሲሄድ አይንኳኳም። በሚኒሞ ይዘጋል፣ በመካከለኛ ነዳጅ ይከፈታል፣ ሙሉ ሲረገጥ ይዘጋል። ካርቦን የሚያበላሸው ይህንኑ መክፈትና መዝጋት ነው።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሳለ ቱቦውን ከቫልቩ ይንቀሉ። ሚኒሞ ላይ በቱቦው ጫፍ ቫኪዩም ሊኖር አይገባም፤ ካለ ቱቦው ወደ ተሳሳተ ቀዳዳ ተሰክቷል። ቀጥሎ የእጅ ፓምፑን ቫልቩ ላይ ሰክተው ቀስ እያሉ እስከ 10 ኢንች ይስጡ። ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው።

ፓምፑ ያዘ፣ ሞተሩም ተንቀጥቅጦ ጠፋ ወይም ሊጠፋ ደረሰ፤ ቫልቩም መተላለፊያውም ደህና ነው፣ ችግሩ ወደ ቫልቩ ቫኪዩም በሚልከው በኩል ነው። ፓምፑ ያዘ፣ ሞተሩ ግን ምንም አልተሰማውም፤ ቫልቩ ተጣብቋል ወይም መተላለፊያው በካርቦን ተደፍኗል። ፓምፑ አልያዘም፤ ዲያፍራሙ ተቀዷል። በዚህ በሦስተኛው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቫልቮች ዲያፍራማቸው ውስጥ በጭስ ግፊት የምትዘጋ ቀዳዳ አላቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ወይም በሚኒሞ ሲሞከሩ ጤነኞቹም አይይዙም። መጣል የሚገባቸው ሳይሆኑ የተጣሉ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ዓይነቱን ሳያረጋግጡ አይፍረዱ።

በቶዮታ ላይ ቫኪዩሙን የሚመጥነው ክብ የፕላስቲክ ሞዱሌተር ነው። ክዳኑን ከፍተው ውስጡ ያለውን ፊልትሮ በአየር ያጽዱ፤ በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ይህ ቶሎ በአቧራ ይሞላበታል። ለመሞከር ፒ እና አር የተባሉትን ቀዳዳዎች በጣት ዘግተው በኪው በኩል ይንፉ። ሞተሩ ጠፍቶ በነፃነት ማለፍ አለበት፤ ዙሩ 2,500 ላይ ሲያዝ ግን ጠንክሮ መከልከል አለበት። የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ማብሪያ ያላቸው ላይ በመልቲሜትር ሲለካ በብዙዎቹ ከ33 እስከ 39 ኦም ያሳያል። በድሮዎቹ የቶዮታ ኮምፒውተሮች ላይ በምርመራ ሳጥኑ ቲኢ1 እና ኢ1ን በሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ፣ የሞተሩ መብራት 7 ጊዜ ብልጭ ብሎ አረፍ፣ ከዚያ 1 ጊዜ ካለ፣ 71 የኢጂአር ኮድ ነው። በተመሳሳይ 31 የማፕ ሴንሰሩን ወረዳ ያመለክታል።

ማጽዳት ከተወሰነ ብሎኖቹን አስቀድሞ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭቶ ማሳደር ይበጃል፤ ለዓመታት ሙቀት የበላው ብሎን በጉልበት ሲፈታ ይቆረጣል። ቫልቩን አውጥተው መርፌውንና መቀመጫውን በእንጨትና በናይሎን ብሩሽ ያጽዱ። ማጽጃ ስፕሬዩ ወደ ዲያፍራሙ እንዳይደርስ ቫልቩን ዘቅዝቀው ይያዙ፤ ጎማውን ይበላዋል። ከዚያ መተላለፊያዎቹን በብስክሌቱ ሽቦ ያሽከርክሩ። ብዙ ሰው ቫልቩን አብርቶ መተላለፊያውን ይረሳል፤ ካርቦኑ በአብዛኛው ያለው እዚያ ነው። የተፈነቀለው ቅሪት ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የማኒፎልዱን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍነው ይሥሩ፤ ጨርቁን መቁጠርና ማውጣት እንዳይረሳ። አዲስ ጓርኒሲዮን ያስገቡ። ብሎኖቹ በተራ እንጂ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ አይቀመጡ።

ቆርቆሮ ቆርጦ ኢጂአሩን መድፈን እንደ ጥገና ይቆጠራል። ለምርመራ ያህል አንድ ቀን ደፍኖ መሞከር ይቻላል፤ ሚኒሞው ከተስተካከለ ቫልቩ አልዘጋ ማለቱ ተረጋገጠ። ደፍኖ መተው ግን በመካከለኛ ነዳጅ መንኳኳትን ያመጣል፣ የሚቆጥበው ቤንዚንም የለም። የጋለ ፒስተን መዘዙ ከአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

የቤንዚን ትነት ጣሳና የናፍጣ መኪኖች

የቤንዚን ትነትን የሚይዘው በከሰል የተሞላ ጥቁር ጣሳ ቱቦውን በማኒፎልዱ ላይ ይሰካል። የመልቀቂያው ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ ሚኒሞውን ያበላሻል፤ በፒንሳ ሲጨመቅ ይታወቃል። ቤንዚን ደጋ ላይ በቀላሉ ስለሚተን ታንኩን እስከ አፉ መሙላት ፈሳሹን ወደ ጣሳው ይነዳዋል፤ ከሰሉም ይበላሻል። ናፍጣ መኪና በማኒፎልዱ ቢራቢሮ ስለሌለው ቫኪዩሙን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ካለ ፓምፕ ነው። እዚያ ፍሬን ከደነደነ ምርመራው ከፓምፑና ከዘይት ቱቦው ይጀምራል።

የመንገድ ሙከራ

ሁሉም ተገጥሞ ጌጁን በረጅም ቱቦ ወደ ውስጥ አስገብተው መስታወቱ ሥር ያስሩት። ቱቦው ኮፈኑ ሲዘጋ እንዳይታጠፍ። ደብረ ብርሃን በሚኒሞ ያነበበውን ይጻፉ፤ ጣርማ በር ላይ ቆመው እንደገና፣ ሸዋ ሮቢት ላይ እንደገና። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 5 ኢንች ያህል ጨምሮ ሚኒሞው ካልተንቀጠቀጠ አየር የሚስብ ቦታ የለም። 1 ወይም 2 ብቻ ጨምሮ መርፌው ከቀረ ከቁልቁለቱ በፊት ያልታየ ስንጥቅ አለ፤ ፒንሳውን ይዘው እዚያው ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ሞተሩ ሳይበርድ፣ ቱቦዎቹን እንደገና አንድ በአንድ ይጨምቁ።